ጎማ ሲወልቅ ቸርኬ እንዳይጫር፦ በእጅ፣ በማሽን ወይስ በገዛ ግቢ?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የኋላ ግራ ጎማዬን ሚስማር ወግቶታል። መንገድ ዳር ያለ አንድ ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ጎማውን ፈትቶ አስፋልት ላይ አጋደመውና መዶሻ አነሳ። እኔ ማኪያቶ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ጎማው ተጠግኖ፣ ታስሮ፣ ውሃ ተረጭቶበት ጠበቀኝ። ከፍዬ፣ አመስግኜ ነዳሁ።

ጭረቶቹን ያየኋቸው ማታ ግቢ ሳቆም ነው። ሦስት ናቸው። እያንዳንዳቸው የትንሽ ጣት ጥፍር ያህላሉ። ጎማው በሚለብስበት ክብ፣ በቸርኬው ከንፈር ላይ፣ አንዱ ከሌላው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ተደርድረዋል። ቀለሙ ተነስቶ አሉሚኒየሙ ብልጭ ይላል።

ልጁ ላይ መናደድ ይቻል ነበር። ግን ከዚህ በፊት ስነዳው የኖርኩት ቪትዝ ትዝ አለኝ። የሱ ጎማ በዚሁ ዓይነት መዶሻና በዚሁ ዓይነት ብረት ስንቴ ወልቋል! አንድም ቀን ቸርኬውን ጎንበስ ብዬ አይቼ አላውቅም። የብረት ቸርኬ ነዋ፤ በላዩ የፕላስቲክ ኮፓ አለ፤ ቢጫርስ ማን ያየዋል? የአሁኑ ኮሮላዬ ቸርኬ ግን አሎይ፣ ማለትም የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። የልጁ ሥራ ድሮ ከማውቀው አልተለየም። የተለየው ከመዶሻው ሥር ያለው ዕቃ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጎማ ሲወልቅልኝ ማኪያቶ አልጠጣም። ቆሜ አያለሁ። ጥቂት ጎሚስታዎች ጋ ዞሬያለሁ፣ ራሴም ግቢዬ ውስጥ ሞክሬያለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የምሰማው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ማሽን ያለው ጋ ልሂድ ወይስ የሰፈሬ ጎሚስታ ይበቃል?» መልሱ ማሽን በመኖርና ባለመኖር ብቻ አይወሰንም። ለምን እንደሆነ እንይ።

መጀመሪያ፣ ጎማው ለምን በቀላሉ አይወልቅም?

ይህን የተረዳ ሰው ማንኛውም ጎሚስታ ጋ ቆሞ ሥራውን መመዘን ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ቱብለስ የምንለው ጎማ ከመነዳሪ፣ ማለትም አየር የሚይዝ የውስጥ ላስቲክ የለውም። አየሩን የሚይዘው የጎማው ጠርዝ ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ነው። ጠርዙ ውስጥ የብረት ሽቦ ጥቅል አለ። ሽቦው አይለጠጥም፤ መለጠጥም የለበትም። በቸርኬው በኩል ደግሞ ጠርዙ ከሚያርፍበት ቦታ ወደ ውስጥ ቀጥሎ ዙሪያውን የምትዞር ትንሽ ጉብታ አለች። መኪናው ሲታጠፍ ጎማው ተንሸራቶ እንዳይወጣ የምትይዘው እሷ ናት። አየሩ ወጥቶም ጎማው «አልላቀቅም» ብሎ የሚያስቸግረው አንድም በእሷ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የማይለጠጥ ሽቦ ከራሱ በሚሰፋ የቸርኬ ከንፈር ላይ እንዴት ያልፋል? ምስጢሩ የቸርኬው ሆድ ውስጥ ነው። ቸርኬ ያለ ጎማ ካያችሁ ዙሪያውን የሚዞር ጎድጓዳ አለው። የጎማው ጠርዝ በአንድ በኩል እዚህ ጎድጓዳ ውስጥ ከገባ፣ በተቃራኒው በኩል ትንሽ መላወሻ ይገኛል። የሸሚዝ ቁልፍ በቀዳዳው እንደሚያልፈው ማለት ነው፤ ፊት ለፊት ብትገፉት አይገባም፣ አጋድማችሁ ስትሰዱት ሹልክ ይላል።

ጎሚስታው ጎማውን በጉልበቱ ተጭኖ በሌላው በኩል በብረት ሲያነሳ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በጉልበቱ የተጫነው በኩል ጎድጓዳው ውስጥ ካልገባ ግን ብረቱ የሚታገለው ከሽቦው ጋር ነው። ሽቦው አይለጠጥም፤ ስለዚህ ጫናው ሁሉ ብረቱ የተደገፈበት ቦታ ላይ ያርፋል። ያ ቦታ የቸርኬያችሁ ከንፈር ነው።

የብረት ቸርኬ ይህን ይችለዋል። ቢጎብጥ እንኳ በመዶሻ ይቃናል። አብዛኛው አሎይ ቸርኬ ግን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ የአሉሚኒየም፣ የሲሊከንና የጥቂት ማግኒዚየም ቅይጥ ነው። በጣም የተለመደው ኤ356 የሚባለው ቅይጥ 7 በመቶ ያህል ሲሊከን አለው። ከማውለቂያው ብረት ይልቅ ለስላሳ ነው፣ በቀላሉ ይፋቃል። ኃይለኛ ምት ሲደርስበት ደግሞ ከመጎበጥ ይልቅ መሰንጠቅ ይቀናዋል። በላዩ ቀለምና እንደ መስታወት የሚያበራ ቫርኒሽ አለ። ቫርኒሹ አንድ ቦታ ከተከፈተ ውሃና ጨው ከሥሩ ይገባሉ። ከወራት በኋላ እንደ ትል የሚሄድ ነጭ መስመር ታያላችሁ። ዝገቱ የጎማው ጠርዝ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ከደረሰማ አየር ቀስ እያለ መሸሽ ይጀምራል።

ማውለቁስ ያስፈልጋል ወይ?

ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። ጎማው በየሳምንቱ አየር የሚጎድለው ከሆነ መጀመሪያ ቫልቩንና የቸርኬውን ዙሪያ የሳሙና ውሃ አርከፍክፉበት። አረፋ የሚወጣው ከቫልቩ ጫፍ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ቫልቩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መርፌ መቀየር ይበቃል። ጎማው ከቸርኬው ሳይነካ ሥራው ያልቃል።

ሚስማር ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከውጭ ቀዳዳው ውስጥ ሙጫ የተቀባ ገመድ መውጋት ነው። ጎማው አይወልቅም፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ቸርኬውም አይነካም። ሁለተኛው ጎማውን አውልቆ ከውስጥ መለጠፍ ነው። ጎማ አምራቾች በቋሚነት የሚቀበሉት ይህን፣ በተለይም ቀዳዳውን ከውስጥ ሆኖ ደፍኖ የሚለጥፈውን ጥገና ነው። የገመዱን እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው የሚያዩት። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ መንገድ ላይ ከሆንኩ ገመድ፤ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር ልወጣ ከሆነ ከውስጥ። ሚስማሩ ጎኑ ላይ ከሆነ ሁለቱም አይሆኑም። ጎማው ይቀየራል።

የመንገድ ዳሩ ጎሚስታ፦ በእጅ

ስሙን ከጣሊያን፣ እጁን ከልምድ ያገኘ ሰው ነው። ርካሽ ነው፣ በየመንገዱ አለ፣ እሑድም ይሠራል። ማሽን የለውም ብሎ የሚንቀው ሰው ይሳሳታል። በእጅ የሚሠራ ጎበዝ ጎሚስታ ጎማውን በጉልበቱና በጣቱ «ያነበዋል»። ማሽን ይህ ስሜት የለውም፤ ሞተሩ ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

ችግሩ ሦስት ቦታ ላይ ይመጣል። አንደኛው መጀመሪያ ጎማውን ከቸርኬው ለማላቀቅ የሚወርደው መዶሻ ነው። ምቱ ጎማው ላይ፣ ከቸርኬው ከንፈር ጥግ ማረፍ አለበት። አንድ ጣት ከሳተ ቸርኬው ላይ ነው። ሁለተኛው ቸርኬው የሚጋደምበት መሬት ነው። ፊቱን ወደ ታች አስፋልት ወይም ጠጠር ላይ ካጋደሙት፣ ከላይ መዶሻ ባረፈ ቁጥር ከሥር ይፋቃል። ይህን ጭረት ብዙ ሰው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ያደረሰው ይመስለዋል። አሮጌ ጎማ ወይም የታጠፈ ማዳበሪያ ከሥር ማንጠፍ ምንም አያስወጣም። ሦስተኛው ብረቱ ራሱ ነው።

ብረቱና ከንፈሩ መሀል አንድ ነገር መግባት አለበት። ለዚህ የተሠራ የፕላስቲክ መከላከያ አለ። ከሌለ ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጠ ቁራጭ፣ ወይም ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ሁለት እጥፍ ጎማ ይሆናል። ከዚያ ብረቱ ትንሽ ትንሽ መንከስ አለበት። በአንድ ጊዜ አራት አምስት ሳንቲሜትር። ሩቅ ቦታ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ የሚንጠለጠል ልጅ ካያችሁ፣ «ቆይ ወንድሜ» በሉት። የኔ ሦስት ጭረቶች የመጡት እንደዚያ ነው፤ ርቀታቸው ይመሰክራል።

አንድ አዛውንት ጎሚስታ አውቃለሁ። ጎማውን አጋድመው ከመንካታቸው በፊት በጣሳ የሳሙና ውሃ ዙሪያውን ያፈሳሉ። ከዚያ ሌላ ሥራ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ቀን ትዕግሥት አጥቼ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቸኩያለሁ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ጎማውም እስኪርስ ይቸኩላል?» አሉኝ። ሲመለሱ ጎማው በሁለት ምት ተላቀቀ።

በእጅ ማስወለቅ የሚሻለው ጎኑ ረጅምና ልስልስ ለሆነ ጎማ ነው። ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። የቪትዜ 165/70 አር 14 ነበር፦ 165 ስፋቱ በሚሊሜትር፣ 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ 14 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። 165 ሲባዛ በ0.70 ወደ 115 ሚሊሜትር የጎን ከፍታ ይሰጣል። በዚያ ላይ ጠባብ ነው፤ በጉልበት ሲጫኑት ይታዘዛል። የኮሮላዬ 215/45 አር 17 ነው። ጎኑ 97 ሚሊሜትር ብቻ፤ ወፍራምና ግትር። ጎድጓዳው ውስጥ ለማስገባት የሰው ጉልበት ይታክታል። እኔ መስመሬን 16 ኢንች ላይ አስምሬያለሁ። 15 ኢንችና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ጠንቃቃ እጅ ካለ፣ የሰፈር ጎሚስታ ይበቃል። 17 ኢንችና ከዚያ በላይ ሆኖ ሁለተኛው ቁጥር ከ50 ሲያንስ በእጅ አላስወልቅም። ይህ ሕግ አይደለም፣ የኔ ድንበር ነው።

ተራው ማሽን

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ እኔም ጭምር። ከሦስቱ ጭረቶች በኋላ በኩራት ማሽን ያለው ቤት ሄድኩ። ሦስት ጭረት ይዤ ሄጄ አራተኛ ይዤ ተመለስኩ። አራተኛው ደግሞ ክብ ነው።

ማሽኑ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ሦስቱም ቸርኬ መንካት ይችላሉ።

መጀመሪያ ጎኑ ላይ ያለው አካፋ መሳይ ክንድ በአየር ግፊት ጎማውን ገፍቶ ያላቅቃል። አካፋው ከቸርኬው ከንፈር አንድ ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ጎማው ላይ መቀመጥ አለበት። በጣም ከተጠጋ ከንፈሩን ይነክሳል፤ በጣም ከራቀ የጎማውን ጎን ይጎዳል። ከአካፋው ትይዩ ቸርኬው የሚደገፍባቸው የጎማ ንጣፎች አሉ። ብዙ ቤት እነዚህ ንጣፎች አልቀው ብረቱ ራቁቱን ይታያል። ከመግባታችሁ በፊት ዓይናችሁን ጣል አድርጉበት።

ቀጥሎ ቸርኬው ጠረጴዛው ላይ ይወጣል። አራት ጥፍሮች ይይዙታል። ጥፍሮቹ ከውስጥ ወደ ውጭ ተለጥጠው መያዝ ይችላሉ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ተሰብስበውም መያዝ ይችላሉ። ለብረት ቸርኬ የተለመደው የመጀመሪያው ነው። ለአሎይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ያውም ጥፍሮቹ የፕላስቲክ ጓንት ለብሰው መሆን አለበት። «ጓንቱ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለ ከመሳቢያ ይወጣል። ከሌለ «ምንም አይሆንም» የሚል መልስ ይመጣል። ምንም አይሆንም ማለት ብዙውን ጊዜ ይሆናል ማለት ነው።

በመጨረሻ የዳክዬ ምንቃር የሚመስለው ብረት ከላይ ይወርዳል። ጠርዙ በብረት ተነስቶ ምንቃሩ ላይ ይወጣና ጠረጴዛው ይሽከረከራል። ምንቃሩ ቸርኬውን መንካት የለበትም። ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ያስፈልጋል፣ ከላይም ከጎንም። ምንቃሩ ውስጥ የምትገባ የፕላስቲክ ትራስ አለች። ርካሽ ናት፣ ቶሎ ታልቃለች፣ አልቃም ሳትቀየር ትከርማለች። የኔ አራተኛ ጭረት የመጣው ከዚህ ነው። የብረት ምንቃር፣ ክፍተት የለም፣ ጠረጴዛው አንድ ዙር ዞረ። በቸርኬው ከንፈር የውስጥ በኩል እንደ ሲዲ መስመር የሚዞር ክብ ቀረልኝ።

ማሽኑ ግትር ጎማ ሲገጥመው ሌላ ጣጣ አለ። በተቃራኒው በኩል ጠርዙ ጎድጓዳው ውስጥ ካልገባ ሞተሩ አይገባውም፤ መጎተቱን ይቀጥላል። ያኔ ወይ የጎማው ጠርዝ ይቀደዳል ወይ ቸርኬው ይፋቃል። ጎማው ሲያቃስት ፔዳሉን ለቆ ወደ ኋላ የሚመልስ ሠራተኛ ወርቅ ነው። እንደገና ሳሙና አፍስሶ፣ በተቃራኒው በኩል በእጁ ተጭኖ እንደገና ይጀምራል።

ስለዚህ ከጓንትና ከትራስ ጋር ያለ ተራ ማሽን፣ ለ15 እና 16 ኢንች አሎይ ከሁሉ የተሻለው ሚዛን ነው እላለሁ። ከተራ ማሽንና ከግዴለሽ ሠራተኛ ግን ጀሪካን ቆርጠው ከብረታቸው ሥር የሚያስገቡትን ጋሼ እመርጣለሁ። ያለ ማመንታት።

ረዳት ክንድ ያለው ማሽን፣ እና ብረት የማያስፈልገው

ትልልቅ ጎማ ሻጮችና አንዳንድ ዘመናዊ ጋራዦች ጋ ይገኛል። ከዋናው ዓምድ ጎን ሌላ ክንድ ቆሟል። ጫፉ ላይ ሮለር ወይም ሾጣጣ ፕላስቲክ አለ። ሥራው አንድ ነው፦ ጎማውን ተጭኖ ጠርዙን ጎድጓዳው ውስጥ ማቆየት። የሰው ጉልበት የሚታክተውን እሱ ይሠራዋል። የግትር ጎማ ዋናው ችግር ይህ ስለሆነ፣ ለ17 እና 18 ኢንች ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ቸርኬውን በከንፈሩ ሳይሆን በመሀል ቀዳዳው የሚይዝና ጠርዙን በፕላስቲክ መንጠቆ የሚያነሳ ነው። ጥፍር የለም፣ ማንሻ ብረት የለም። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ልብ አታገኙትም፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ስለ ዋጋ ቁጥር አልጽፍም፤ ሳምንት ሳይሞላው ያረጃል። ግን አስቡት፦ ፊቱ በማሽን ተፍቆ የሚያብረቀርቅ፣ በላዩ ቫርኒሽ ብቻ ያለበት ቸርኬ ከሆነ፣ አንድ ጭረት በቀለም አይሸፈንም። እንደገና በቶርኖ መፋቅ አለበት። በተፋቀ ቁጥር ደግሞ ብረቱ ይሳሳል፤ ስለዚህ ይህ ደጋግሞ የሚሠራ ነገር አይደለም። ለእንዲህ ያለው ቸርኬ ተጨማሪው ክፍያ ይገባዋል።

እዚህም ጥያቄ አለ። መሀሉን የሚይዘው ሾጣጣ ብረት የፕላስቲክ ሽፋን ካላጠለቀ የቸርኬውን ልብ ይጭራል። ጎድጓዳው ከፊት ይልቅ ወደ ኋላ የተጠጋ ቸርኬ ደግሞ አለ። እሱ ተገልብጦ፣ ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ነው የሚወልቀው። ጎበዝ ሠራተኛ ቸርኬውን ከማሰሩ በፊት ገልበጥ አድርጎ ጎድጓዳው ወደየት እንደተጠጋ ያያል። ይህን ሲያደርግ ካያችሁት ሄዳችሁ ማኪያቶ መጠጣት ትችላላችሁ።

በገዛ ግቢ

ሞክሬዋለሁ። ሁለት ማንሻ ብረት፣ አራት የፕላስቲክ መከላከያ፣ ላርጎ በውሃ። አንድ ጎማ አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደብኝ፤ ወገቤ ሁለት ቀን። ቸርኬው ግን አልተጫረም፤ የቸኮለ ሰው ስላልነበረ።

ማውለቁ አይደለም ከባዱ። ከባዱ መጀመሪያ ማላቀቁ ነው። ጎማውን መሬት አጋድመው በሌላ መኪና የሚሄዱበት ሰዎች አሉ። አታድርጉት። መኪናው ከጎማው አልፎ ቸርኬው ላይ ከወጣ የሚሰነጠቀው ከንፈሩ ነው። በእጅ የሚሠራ ረጅም እጀታ ያለው ማላቀቂያ አለ፤ እሱን ካገኛችሁ ጥሩ። ሌላው ችግር ጎማውን መልሶ ማስቀመጥ ነው። የእግር ፓምፕ በቂ አየር በፍጥነት አይሰጥም፣ ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል። ባላንስም፣ ማለትም የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን፣ ቤት አይሠራም። ለሞተር ሳይክል ወይም ለአሮጌ ሁለተኛ ቸርኬ ከሆነ ደስ የሚል ሥራ ነው። ለዕለት መኪናችሁ፣ ላርጎዋን ይዛችሁ ጎሚስታ ጋ መሄድ ይቀላል።

ጀርመንና ስዊድን ላላችሁ ግን ሌላ አማራጭ አለ፦ ጎማውን ጭራሽ አለማስወለቅ። ስዊድን ውስጥ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶማ ከሆነ የክረምት ጎማ ግዴታ ነው። በዓመት ሁለቴ ጎማ ከቸርኬ ማስወለቅ፣ በአምስት ዓመት አሥር ጊዜ ማለት ነው። ለክረምቱ ርካሽ የብረት ቸርኬ ገዝቶ ጎማውን እዚያው ላይ መተው፣ አሎዩን ከበረዶው ጨውም ያድነዋል። እዚህ ያለነው ደግሞ ሁለተኛ ቸርኬ ከሱማሌ ተራ የምንፈልገው የተሰነጠቀውን ለመተካት ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጎሚስታው ፊት የሚቆመው ቸርኬ ተለውጧል። የቮልስዋገኑን አይዲ 4 ውሰዱ። በ19 ኢንች ቸርኬው የፊቱ ጎማ 235/55፣ የኋላው 255/50 ነው። ሲሰላ ጎኑ ከ127 እስከ 129 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ከቪትዜም ይበልጣል። ታዲያ ቀላል ነው? አይደለም። 2 ቶን ያህል የሚመዝን መኪና የሚሸከም ጎማ ስለሆነ ጎኑ ግትር ነው። የጎን ከፍታ ስሌቱ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። እነዚህን ረዳት ክንድ ያለው ጋ ውሰዱ። የፊትና የኋላው ስፋት ስለሚለያይም የትኛው ከየት እንደወለቀ በጠመኔ ይጻፍበት።

መኪናው አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ቸርኬው ውስጥ ከቫልቩ ጀርባ የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር ሊኖር ይችላል። በፈረንጆች አቆጣጠር፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2007 መጨረሻ ወዲህ፣ አውሮፓ ውስጥ ከ2014 መጨረሻ ወዲህ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ግፊት የሚከታተል ሥርዓት ሊኖረው ግድ ነው። ሁሉም ቸርኬ ውስጥ ሴንሰር አይጠቀሙም፤ አንዳንዶቹ በፍሬን ሥርዓቱ በኩል ነው የሚያውቁት። የብረት ቫልቭ በዳዶ ታስሮ ካያችሁ ግን ሴንሰር እንዳለ ጠርጥሩ። የጎማ ቫልቭ መሆኑም ሴንሰር የለም ማለት አይደለም። መዶሻውም አካፋውም ከቫልቩ መራቅ አለባቸው። ይህን ለጎሚስታው ሥራ ሳይጀምር ንገሩት፤ ከተሰበረ በኋላ የሚመጣው ክርክር አያልቅም።

የትም ብትሄዱ

ቅባት ወሳኝ ነው። ደረቅ ጎማ ከየትኛውም ማሽን ጋር ቸርኬ ያበላሻል። ለዚህ የተሠራ የጎማ ቅባት ካለ እሱ ይሻላል። ከሌለ ላርጎ በውሃ። ኦሞ በጣሳ አልወድም፤ የዱቄት ሳሙና ለአሉሚኒየም አይስማማም፣ ደርቆም ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሞተር ዘይትና ግሪስ በፍጹም፣ የጎማውን ላስቲክ ይጎዳሉ። ጠዋት ብርድ ላይ ጎማው ግትር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ማቆየት ይረዳል።

ጎማው ተመልሶ ሲገባ የሚሰማው «ጧ» የሚለው ድምፅ ጠርዙ ጉብታዋን አልፎ ቦታው ሲቀመጥ ነው። እስኪቀመጥ አየር ሲሞላ ግፊቱ ከ40 ፒ.ኤስ.አይ. ማለፍ የለበትም። 40 ላይ ካልተቀመጠ አየሩ ይውጣ፣ እንደገና ሳሙና ይቀባ፣ እንደገና ይሞላ። ቤንዚን ረጭቶ ክብሪት መለኮስ የሚወድ ሰው ካያችሁ ቸርኬያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሲጨርስ «32 ሙላልኝ» ከማለታችሁ በፊት የመኪናችሁ በር ጥግ ላይ የተለጠፈውን የግፊት ቁጥር እዩ።

ባላንሱንም አትርሱ። አሎይ ላይ ከንፈሩን ነክሶ የሚይዘው የባላንስ ክብደት ቀለሙን ይልጣል። ከውስጥ በኩል የሚለጠፈውን ጠይቁ።

ጭረት ማንበብ

ከመስጠታችሁ በፊት አራቱንም ቸርኬ በስልክ ፎቶ አንሱ። ክርክር ቢነሳ ጭረቱ ራሱ ይናገራል። በከንፈሩ ጫፍ ላይ ተከታትሎ የሚሄድ፣ ሸካራ፣ ብዙ መስመር ያለው ከሆነ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነው፤ እሱ የራሳችሁ ነው። አጭር፣ ጠለቅ ያለ፣ ከንፈሩን አቋርጦ የተቀመጠ ከሆነ ማንሻ ብረት ነው። በከንፈሩ የውስጥ በኩል ቀጭን ሆኖ ዙሪያውን የሚዞር ከሆነ ምንቃሩ ነው። ከኋላ በኩል በእኩል ርቀት የተቀመጡ አራት ንክሻዎች ካሉ ጥፍሮቹ ናቸው።

ጭረቱ ትኩስ እያለ አጽዱና ቀለም ወይም ቫርኒሽ ቀቡት፣ ዝናብ ሳይመጣ። ስንጥቅ ከሆነ፣ ጥፍር የሚይዝ ቀጭን መስመር ቢሆን እንኳ፣ ቀለም አይበቃውም፤ ቸርኬው ከመንገድ ይውጣ።

ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ተራ ይታሰሩ። የኮሮላ ዳዶ የሚታሰርበት ኃይል 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በአየር ሽጉጥ እስከ ጥግ የታሰረ ዳዶ ይህን እጥፍ ሊያልፍ ይችላል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ይጠበቁ። ባለፈው ለዚህ ስመለስ ጋሼ አንድ በአንድ በእጃቸው ሞከሩ። አራተኛው ሩብ ዙር ዞረ። ገንዘብ ልሰጣቸው ስል በእጃቸው መለሱኝና ሦስቱን የድሮ ጭረቶች በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉ። «ይሄን ማን ሠራው?» አሉ። አልነገርኳቸውም፤ ልጁ ከሳቸው ሱቅ ሁለት መንገድ ታች ነው ያለው።